ጡጫና አውራ ጣት

ቂም እይዛለሁ። ይህን የምናገረው ልኮራበትም ላፍርበትም አይደለም። አንዱ ሰው ስኳር አለበት፣ ሌላው ጨጓራ፣ እኔ ደግሞ ቂም አለብኝ። ቦንጋ ገበያ አጠገብ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ የሚመላለሱ ደንበኞቼ ጠባዬን ያውቁታል። የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ሠርግ ውላ፣ በኋላ «አበላሸችብኝ» ብላ ሰፈሩን ያዳረሰች አንዲት ሴት አለች፤ ዛሬም ድረስ ቁልፍ እንኳ አልተክልላትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሦስት ጊዜ ነው የምስማት።

በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመርፌው፣ ከቁልፉና ከጠመኔው ጋር፣ አንድ የባጃጅ ፍሬን ገመድ ተጠቅልሎ ሁለት ክረምት ከርሟል። መካኒኮች ካቮ የሚሉት፣ ከቀጫጭን ሽቦ የተገመደው ብረት ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁኝ የሰው አደራ ነው እላቸው ነበር። አልዋሸሁም። ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው።

አባቴ አናጢ ነው። ወንበርም አልጋም ይሠራል፤ ስሙ የተጠራው ግን በደጋን ነው። የባህል ስፖርት ውድድር በየወረዳው መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ ከገና ጨዋታው፣ ከትግሉና ከገበጣው ጎን ቀስትም ስላለ፣ ደህና ደጋን የፈለገ ሁሉ የግቢያችንን በር ያንኳኳ ነበር። ከዋጫም ከቢታ ገነትም ይመጡ ነበር። አባቴ ለደጋን ከወይራ ሌላ እንጨት አይነካም። ቆርጦ ያመጣውን ወይራ ማድቤቱ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ጭስ እያጠገበ ያከርመዋል። ከዚያ ያወርድና በመላጊያ ይልገዋል፣ ጉልበቱ ላይ ያጎብጠዋል፣ እንደገና ይልገዋል። ሁለቱ ክንፎች እኩል እስኪጎብጡለት ድረስ ምሳ ቀረበ ቢሉት አይሰማም፤ እናቴ በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ አኩርፋለች።

እንጨቱ የእሱ፣ ገመዱ የእኔ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የደጋኖቹን ገመድ የምገምደው እኔ ነኝ። የእኛ ገመድ ቃጫ ነው፤ እንሰት ሲፋቅ የሚተርፈው ያ ነጭ ጭራ መሳይ ክር። ቃጫውን አበጥረዋለሁ፣ ጭኔ ላይ እያሸሁ እፈትለዋለሁ፣ ከዚያ አንድ ላይ ገምጄ ከማር ነጋዴዎች ያገኘሁትን ሰም አጠጣዋለሁ። ሰሙ ሲገባበት ገመዱ ቡናማ ይሆናል፣ ጣት ላይም ይጣበቃል። ዛሬ ሙያዬ የሆነውን ነገር የጀመርኩት በእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ደጋን ሲያይ እንጨቱን ነው የሚያየው። ጫማ የሚገዛ ሰው ስለ ጫማው ማሰሪያ እንደማያስብ ሁሉ ስለ ገመዱም አያስብም። እኔ ግን ክር ነው እንጀራዬ። ሱቄን እንደከፈትኩ ሰሞን በእጄ የገባውን ክር ሁሉ በአባቴ ደጋን ላይ ሞክሬዋለሁ። ናይለን ይለጠጣል። ደጋኑ የሰጠውን ጉልበት ገመዱ ራሱ ይበላውና ቀስቱ ተንቀራፎ መንገድ ላይ ይወድቃል። የጥጥ ክር መጀመሪያ ላይ ደህና ይመስላል፤ ከጥቂት ውርወራ በኋላ ግን ይረዝምና ደጋኑ ይላላል። ወፍራም ገመድ ከባድ ነው፤ ደጋኑ ቀስቱን ሳይገፋ ገመዱን ሲገፋ ይደክማል። በጣም ቀጭኑ ቀስቱን ያበረዋል፣ ግን ጣት ይቆርጣል፣ የሚበጠስበትንም ሰዓት አያሳውቅም። የከብት ጅማት በበጋ ወደር የለውም፤ በእኛ አገር ግን በጋው ምን ያህል ነው? ጤዛ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ዝናብ ሲነካው ይረግባል። ቃጫ ግን ውሃ ሲነካው ጭራሽ ይጠብቃል። ያንኑ ደጋን ይዘህ ገመዱን ብቻ ብትለውጥ ሌላ ሰው የሠራው ሌላ ደጋን የያዝክ ነው የሚመስልህ።

ከገመዱ ዓይነት ደግሞ ልኩ ይብሳል። ገመዱ በላይኛው ጫፍ በኩል ቋሚ ቀለበት አለው፤ በታችኛው ጫፍ በኩል የሚታሰረው በቋጠሮ ስለሆነ ማሳጠርም ማስረዘምም ይቻላል። አባቴ ደጋኑን ከወጠረ በኋላ እጁን ጨብጦ መያዣው ላይ ያሳርፍና አውራ ጣቱን ወደ ገመዱ ቀና ያደርጋል። ገመዱ የአውራ ጣቱን ጫፍ ነካ ካደረገ ልክ ነው። «ጡጫና አውራ ጣት» ይለዋል። ገመዱ ከዚያ ከራቀ እንጨቱ ገና ሳይሳብ ይደክማል። ከዚያ ከቀረበ ደግሞ ሲለቀቅ ደጋኑን የያዝክበትን ክንድ ይገርፍሃል። ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሆኜ ሳልለካ ያሰርኩትን ገመድ አባቴ እያየ፣ እያወቀ፣ እንድወረውርበት ተወኝ። ክንዴ ላይ ሰንበር ወጣ። እናቴ ልጅቷን አስገረፍካት ብላ ስትቆጣው ከእንግዲህ አትረሳውም አላት። እውነቱን ነው፣ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ወደ ሰውየው ልምጣ። ስሙን አልጽፈውም፤ ደስ እንዳይለው። ቦንጋ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ ስለሚሸጥ ባለመለዋወጫው እለዋለሁ። በከተማው የቀስት ቡድን ውስጥ አንደኛ ነኝ ባይ ነው፤ ክንደ ረጅምና ደረተ ሰፊ ስለሆነ ገና ሳይወረውር የሚያጨበጭቡለት አሉ። ዋጫ ላይ ውድድር ሊደረግ ሲል ይህ ሰው ቤታችን ይመላለስ ጀመር። አባቴ ከሠራቸው ሁሉ የሚወደው፣ ለማንም ያልሸጠው አንድ ደጋን ነበረው። ባለመለዋወጫው እሱን አውሱኝ አለ። ለእኔ ክንድ የሚመጥነው የእርስዎ ብቻ ነው እያለ፣ ጋሼ ጋሼ እያለ፣ አባቴን እንደ ሰም አለሰለሰው። እኔ አይሆንም ብዬ ነበር። አባቴ ግን በእሱ ደጋን ዋጫ ላይ አሸነፉ ሲባል መስማት አማረው፤ አማረው ብዬም አልፈርድበትም። አዲስ ቃጫ ገጥሜ፣ በጡጫና በአውራ ጣት ለክቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ደጋኑ ሲመለስ የላይኛው ክንፉ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ወገቡ ተሰንጥቆ ነበር። መሰንጠቁ አይደለም ያንገበገበኝ። እንጨት ነው፣ ይሰነጠቃል። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እድር ተሰብስቦ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ ዋጫ ላይ እንዴት ተሸነፋችሁ ብሎ ባለመለዋወጫውን ጠየቀው። አባቴ ከፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሰውየው አይቶታል። አይቶት ነው አፉን ሞልቶ የተናገረው።

«የጋሼ ደጋን የበሰበሰ እንጨት ነበር። ሰው ሳይጎዳ በመቅረቱ ፈጣሪን ማመስገን ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረው፣ ሁለተኛም አዞረው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው የሠራው ነገር በሰበሰ ሲባል ራሱም የበሰበሰ ይመስለዋል መሰለኝ። በማግስቱ መላጊያውን ዘይት ቀባው፣ በአሮጌ ሸሚዝ ጠቀለለውና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው። ማድቤት የከረሙትን ወይራዎች አውርዶ ለማገዶ ይሁኑ አለ። ከቢታ ገነት ደጋን ሊያዝ የመጣ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ሲለምነው እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ መለሰው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ያንን ውሸት ሲናገር ከጓዳ ሆኜ ሰማሁትና ደሜ ፈላ።

ወይራ ምስጥ እንኳ የማይደፍረው እንጨት ነው። የተሰነጠቀውን ደጋን ሱቄ ወስጄ በመስኮቱ ብርሃን መረመርኩት። የስንጥቁ ውስጥ ደረቅና ጤነኛ ነው። ጫፉ ላይ ገመዱ የሚቀመጥባት ጥርስ ግን በመጋዝ እንደተከረከረች ወደ ውስጥ ጠልቃለች፤ ስንጥቁም የተነሳው ከእሷው ነው። ጣቴን አስገብቼ ሳወጣው ጥቁር ሆነ። አሸተትኩት፣ ግሪስ ነው። የእኔ ገመድ የሚሸተው ሰም ነው። ደግሞ ደጋኑ ላይ ተገጥሞ የተመለሰው የእኔው ቃጫ ነበር፤ ዋጫ ሄዶ የመጣ ሳይሆን ከጨርቁ ያልወጣ ነበር የሚመስለው።

ከዚህ በኋላ የሚያስቸግር ነገር የለም። ሰውየው ቃጫውን ፈትቶ ከሱቁ ካቮ ቆርጦ ገጥሞበታል። ገመዱ ከጠነከረ ቀስቱ ይርቅልኛል ብሎ ነው፤ ብዙ ወንዶች እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ቃጫ ሲለቀቅ በጥቂቱ እሺ ይላል፣ የደጋኑንም ምት ይውጥለታል። ብረት እሺ አይልም። ቀስቱ ከሄደ በኋላ የተረፈው ምት ሁሉ ተመልሶ እንጨቱ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ጫፉን ይበላዋል፣ ቀጥሎ ይሰነጥቀዋል። ሲሰነጠቅበት ካቮውን አውልቆ ቃጫውን መለሰ፣ ከዚያ የበሰበሰ ነው አለ።

ለአባቴ አሳየሁት። ጫፉን ዳሰሰው፣ ጣቱን አሸተተና ሱሪው ላይ ጠረገው። ሄደን እንጋፈጠው ስለው ማን ያምነናል አለኝ። ልክ ነበር። ግሪሱን እኔ ቀብቼ ነው ሊል ይችላል፤ አንደበት ከሆነ ሰውየው አያንሰውም። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ። ካሳ አልፈልግም፣ ይቅርታውንም አልፈልግም። ደጋኑን የሰበረው ብረቱ እንጂ እንጨቱ አለመሆኑን ከራሱ አፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አባቴ እየሰማ ካላወጣሁ ሴት አይደለሁም አልኩ። በማግስቱ ሱቁ ሄጄ አንድ ካቮ ገዛሁ። ባጃጅ ገዛሽ እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። አብሬው ሳቅሁ።

ከዚያ የከተማው ቡድን የሴቶች ምድብ ውስጥ ገባሁ። ልጅ ሆኜ የተሠራልኝ ትንሽ ደጋን ስለነበረኝ ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ሰውየውን ሰላም ማለት ነው። ሰላም አልኩት። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ የሚስቱን ቀሚስ አሳጠርኩ። በልምምድ ላይ ክንዴ ላይ የማስራትን የቆዳ መከላከያ ባየ ቁጥር «የሴት አምባር» ይላታል፤ ሌሎቹም ይስቃሉ። እሱ ራሱ ቆዳ አያስርም። አዲስ ደጋን ከሩቅ አገር ከነጅማት ገመዱ አስመጥቶ እንደ ሙሽራ ይዞታል፤ ፀሐይ አያስመታውም፣ ለማንም አያስነካም። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ሱቁ ሙሉ ካቮ እያለ የራሱ ደጋን ላይ ካቮ አስጠግቶ አያውቅም። ሰው ሲያውቅ እንዲህ ነው ብዬ መሳቢያዬን በየጊዜው እየከፈትኩ አያለሁ።

የዞኑ ውድድር እዚሁ ቦንጋ ሆነ። ቀስቱ የሚወረወረው በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ከዚያ እድር ወዲህ እንዲህ ዓይነት ቦታ ደርሶ አያውቅም፤ ገመዴን የሚያይልኝ ሰው የለኝም፣ ሰው ፊት ብዋረድ ደስ ይልዎታል ወይ ብዬ ተነጫንጬ ነው ያወጣሁት። ከመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ወንበር አገኘሁለት። ጃንጥላውን እግሮቹ መሃል ተክሎ፣ ባርኔጣውን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። ሰላም የሚሉት ነበሩ፤ ደጋን አሁንም ይሠራሉ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። እኛ አገር ካፊያ እንደ ዝናብ አይቆጠርም፤ ዳኞቹ ላስቲክ ደርበው ሥራቸውን ጀመሩ። ሴቶቹ ቀደምን። ኢላማውን መታሁ የሚባል ያህል መታሁ፣ ሳትኩ የሚባል ያህል ሳትኩ፤ ልቤ እዚያ አልነበረም። ወንዶቹ ሲሰለፉ ሹራቤን ለብሼ በረንዳው አጠገብ ቆምኩ። በቀኝ ኪሴ በሰም የጠገበ አዲስ ቃጫ አለ። በግራ ኪሴ ካቮው አለ።

ባለመለዋወጫው የመጀመሪያውን ቀስት አሳምሮ ወረወረና ተጨበጨበለት። ሁለተኛው ዝቅ አለ። የሚቀጥለው ከኢላማው ቀድሞ ጭቃ ላይ ተተከለ። ሰውየው ክንዱን ይመለከታል፣ እግሩን ያስተካክላል፣ ነፋሱን ይረግማል፤ ገመዱን ማየት አልመጣለትም። ጅማቱ በካፊያው ረጥቦ መርገቡን ከበረንዳው ሆኜ አያለሁ፤ የአባቴም ዓይን ከጅማቱ ላይ አልተነቀለም። በመጨረሻ ሲገባው ቋጠሮውን ፈትቶ ለማሳጠር ታገለ። የራሰው ጅማት ቋጠሮው ላይ እንዳለ ብጥስ አለበት።

አሠልጣኙ እየሮጠ መጣ። ሌላ ገመድ አለህ ወይ ሲለው የለኝም አለ። መለዋወጫ ሲሸጥ የሚውል ሰው ለራሱ ደጋን መለዋወጫ አልያዘም። የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ፤ የእኔ ኪስ መቼም ከገመድ እንደማይለይ ያውቃሉ። አሠልጣኙ እህቴ ለከተማችን ስትይ ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩ። ግን ደጋኑ እንዳይረጥብ ወደ በረንዳው ይምጣ፣ እዚህ ሆኖ ይግጠም አልኩ። ዳኛውም ተከትሎ መጣ፤ ተራ የሚጠብቁት የየወረዳው ተወዳዳሪዎችም ካፊያውን ሽሽት እዚያው ተጠልለዋል። አባቴ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሁላችንም ፊቱ ነው የቆምነው።

ባለመለዋወጫው እጁን ዘረጋ። ግራ ኪሴ ገባሁና ካቮውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ከራስህ ሱቅ የገዛሁት ነው፣ ጠንካራ ነው አልኩት። ዳኛው ደንቡ ስለ ገመድ ዓይነት የሚለው ነገር የለም፣ ቶሎ ግጠም አለው። ሰውየው ካቮውን አየ፣ ደጋኑን አየ። እንደ ሙሽራ የያዘው ደጋን ነው፤ ሳያስበው ነው የተናገረው።

«ይሄማ ደጋኔን ይሰነጥቀዋል።»

«በምን አወቅህ?» አልኩት።

ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ከዋጫ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከኋላ ሆኖ፣ ያኔ በጋሼ ደጋን ላይ የብረት ገመድ አይቼ ነበር፣ የቦንጋ ሰዎች አሠራር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት አለ። የእድራችን ጸሐፊም እዚያው ነበር፤ ወደ አባቴ ዞሮ ባርኔጣውን አነሳ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አንጀቴ ራሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሰማኝ አላስታውስም፤ ልጆቼን የወለድኩ ቀን ጭምር እየቆጠርኩ ነው።

እንግዲያው የበሰበሰው እንጨቱ አልነበረም አልኩና ካቮውን ከመዳፉ ወስጄ ጠቀለልኩት። አሠልጣኙ ሌላ ገመድ እንደሌለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩ። ዓይኑ ቀኝ ኪሴ ላይ ነው፤ ቃጫው ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል። የለኝም አልኩ እንደገና። ከተማዬ ብትሸነፍ ትሸነፍ፤ ለዚያ ሰው ክር እንኳ አላቀብልም።

አባቴ በዚህ መሃል ተነሳ። ጃንጥላውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ መጣና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በካፊኖኖ፣ በእኛው ቋንቋ፣ አምጪው አለኝ። እንቢ እንደማልል ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን አባባ ብዬ ጀመርኩ።

«ደጋኑ ምን አጠፋ?» አለኝ።

ቃጫውን ሰጠሁት። ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ሁለት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ያደረስኩትን ነገር በአንድ ቃል ሜዳ ላይ የደፋብኝ ነው የመሰለኝ። ይቅር አለው፣ ለዚህ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመድ ሊያስርለት ነው፣ ሽማግሌ መሆን እንዲህ ከሆነ እኔስ አላረጅም እያልኩ በልቤ ተሳደብኩ። አባቴ ደጋኑን ተቀብሎ ጀርባውን ሰጠንና ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለ። የላይኛውን ቀለበት አገባ፣ እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አጎበጠ፣ የታችኛውን ቋጠሮ አሰረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጡጫውን ሲያሳርፍ ለማየት አንገቴን ባሰግግም ትከሻው ከለለኝ። ከዚያ ቀና አለና ደጋኑን በሁለት እጁ አቀበለው። ሰውየው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ ብሎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ወደ ሜዳው ሲሄድ አባቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ ተከተለው። ጃንጥላውን የያዘው ለደጋኑ ነው። ሰውየው ይረጥባል።

ባለመለዋወጫው ሳበ፣ ለቀቀ። በጥፊ የመምታት ዓይነት ድምፅ በረንዳው ድረስ ተሰማ። ቀስቱ ወደ ጎን ሄደ። ሰውየው ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ትንፋሹን ዋጠ። እጅጌው አጭር ነው። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ከሩቅ ሲቀላ ይታያል። አባቴ ጠጋ አለውና ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ ጠየቀው።

«ገመዱ ተስማማህ?»

ምን ይበል? እንጨቱን አንዴ አምቷል፣ ካቮውንም በገዛ አፉ መስክሮበታል። ሦስተኛ ደግሞ የጋሼ ገመድ መታኝ ቢል በዚያ ሜዳ ላይ የሚሰማው ጆሮ አልነበረም።

«አዎ ጋሼ፣ ተስማምቶኛል» አለ።

በል እንግዲህ ወርውር አለው አባቴ። ወረወረ። ያው ድምፅ። ቀጥሎም ወረወረ፣ ያው ድምፅ። ከመልቀቁ በፊት ዓይኑን መጨፈን ጀመረ፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቀስት የት እንደሚያርፍ መገመት አይቻልም፣ ከኢላማው ጀርባ ቆመው የነበሩት ሰዎች ቦታ ለቀቁ። አባቴ ጃንጥላውን ሳያዛንፍ ከጎኑ ቆሟል፤ ላየው ሰው አንድ ደግ ሽማግሌ ልጁን የሚያግዝ ነው የሚመስለው። የመጨረሻው ቀስት ሲያልቅ የሰውየው ክንድ ቀይ ሥር መስሎ ነበር። ደጋኑ ግን ምንም አልሆነም፤ ጫፉም እንደነበረ ነው። ወደ በረንዳው ሲመለስ ዓይኑ እኔ ክንድ ላይ ያለችው ቆዳ ላይ አረፈ። የሴት አምባሬን ቀስ ብዬ ፈትቼ፣ አጣጥፌ፣ ኪሴ ከተትኳት።

ቦንጋ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወጣች። አሠልጣኙ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም፤ እሱንም መዝግቤዋለሁ። ባለመለዋወጫው ለብዙ ቀን ገበያ ውስጥ እጅጌ ረጅም ሹራብ ለብሶ ታየ፣ ፀሐይ በወጣበት ሰዓት እንኳ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ካቮ አለህ ወይ ብለው ይጠይቁትና ይስቃሉ፤ ሊገዙ የመጡት ሳይቀር።

ያን ዕለት ወደ ቤት የተመለስነው በባጃጅ ነው። ካፊያው አልቆመም፤ ላስቲኩ በነፋስ ይራገባል። አባቴ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። እኔ አሁንም አኩርፌያለሁ። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ክንዱን በዓይኔ አይቼ፣ እርጅና ነው፣ ልኩን ረስቶት ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? መንገዱ አጋማሽ ላይ አልቻልኩም። ነጂው እንዳይሰማ ወደ አባቴ ጠጋ ብዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅሁት፤ አባባ፣ ዛሬ ገመዱን ሳይለኩ ነው ያሰሩት አይደል?

አባቴ እጁን ጨብጦ ከፊቴ አመጣው። አውራ ጣቱ ጡጫው ውስጥ ታጥፏል።

«ለክቻለሁ» አለኝ። «አውራ ጣቴን ረስቼው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ ሲፈታ ሰማሁት። ማድቤት ገብቼ ከማገዶው ውስጥ ያልነደደ ወይራ መፈለግ ጀመርኩ።